የልብ ምት መዛባት ላለበት ነጋዴ የውጭ አገር ጉዞ

ዕቃ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ወይም ከውጭ አገር የሚያስመጣ ነጋዴ በዓመት ውስጥ ጥቂት ጊዜ መንገድ መውጣቱ አይቀርም። የቡና ገዢውን በአካል ለማነጋገር፣ የፋብሪካ ዕቃ ለመምረጥ ወይም በኤግዚቢሽን ለመገኘት ሲል ወደ ጓንዡ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ኢስታንቡል ወይም ወደ ሐምቡርግ ይሄዳል። ይህን ጉዞ የሚያደርጉት ብዙውን ጊዜ በሥራቸው የበሰሉ፣ ዕድሜያቸውም የገፋ ሰዎች ስለ ሆኑ ከመካከላቸው የልብ ምታቸው ሥርዐቱን የለቀቀ አይታጡም። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሐኪም ሕመማቸውን የነገራቸው ዕለት መንገድ ቀረብን ብለው ሥራውን ለልጅ ወይም ለወኪል ያስረክባሉ። ሌሎቹ ደግሞ ምንም እንዳልተነገራቸው ሆነው ክኒናቸውን በትልቁ ሻንጣ ውስጥ ወርውረው ይሳፈራሉ። ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል። ሕመሙ በመድኃኒት የተገታለት ሰው ሐኪሙ እስከ ፈቀደለት ድረስ መጓዝ ይችላል፤ ጉዳት የሚያደርስበትም አብዛኛውን ጊዜ አይሮፕላኑ ሳይሆን በመንገዱ ምክንያት የመድኃኒቱ ሥርዐት መቋረጡ ነው።

ከልብ ምት መዛባት ዐይነቶች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሐኪሞች ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚሉት ነው። በ2019 ይህ ሕመምና የቅርብ ዘመዱ ኤትሪያል ፍለተር በዓለም ላይ ወደ 60 ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎች ላይ እንደ ነበሩ ተገምቷል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የጤነኛ ሰው ልብ በሚመታበት ጊዜ ሁለቱ የላይኞቹ ክፍሎች በአንድነት ተኮማትረው ደሙን ወደ ታችኞቹ ያስተላልፋሉ። በዚህ ሕመም ጊዜ ግን የላይኞቹ ክፍሎች መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ፤ የልቡም ምት አንድ ጊዜ ይፈጥናል፣ አንድ ጊዜ ይዘገያል፣ ልክ አይገኝለትም። አንዱ ሕመምተኛ ልቡ ድው ድው ይልበታል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ይደክመዋል፤ ሌላው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ይኖራል።

ዋናው አደጋ የሚመጣው ግን ከዚህ ስሜት አይደለም። በግራው የላይኛ ክፍል ጎን እንደ ትንሽ ከረጢት ያለ ስርጓዳ ቦታ አለ። ልቡ በሚርገበገብበት ጊዜ ደም በዚያ ተኝቶ ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ በደም ሥር ወደ አንጎል የሄደ እንደ ሆነ መንገዱን ዘግቶ ስትሮክ የሚባለውን ሕመም ያመጣል። በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ በብዙ ዓመታት ክትትል የተገኘውና በ1991 የታተመው ጥናት ይህ የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው ከሌሎች አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ የተጓዡ ክኒን ስለ ልብ ድካም ብቻ የሚወሰድ ሳይሆን አንደበትንና እጅ እግርን ለመጠበቅ ጭምር የሚወሰድ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል።

መድኃኒቶቹም በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን የልቡን ሩጫ የሚያቀዘቅዝ ወይም ምቱን ወደ ሥርዐቱ የሚመልስ ነው። ሁለተኛው ወገን በተለምዶ ደም ማቅጠኛ የሚባለው ሲሆን፣ በእውነቱ ደምን የሚያቀጥን ሳይሆን እንዳይረጋ የሚከለክል ነው። ከእነዚህ ውስጥ አንጋፋው ዋርፋሪን ነው። ነገሩ የተጀመረው በ1920ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ በማለቃቸው ነበር፤ ኬሚስቶች ምክንያቱን መርምረው ካገኙ በኋላ ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ መርዝነት ዋለ፣ በ1954 ደግሞ ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። በ1955 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት አይዘንሃወር የልብ ሕመም በያዛቸው ጊዜ ይኸው መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል። ስለዚህ የአይጥ መርዝ ነው የሚለውን ወሬ ሰምቶ የሚደነግጥ ሕመምተኛ ቢኖር መጠኑ በሐኪም እስከ ተለካ ድረስ የሚያሰጋው ነገር የለም። ልኩም የሚታወቀው አይ.ኤን.አር. በሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ ለአብዛኞቹ ባለዚህ ሕመሞች ቍጥሩ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል እንዲቆይ ይፈለጋል።

ከ2010 ጀምሮ እንደ ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባንና አፒክሳባን ያሉ አዳዲስ መድኃኒቶች ተጨምረዋል። እነዚህ ያለ ተደጋጋሚ የደም ምርመራ የሚወሰዱ ስለ ሆኑ ለመንገደኛ እጅግ ይመቻሉ። ነገር ግን ለኢትዮጵያውያን ልዩ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ የብዙ ሰዎች የልብ ሕመም መነሻ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው፣ የልብን በሮች የሚያጠበው የሩማቲክ ሕመም ነው። በ2022 የታተመው በ24 አገሮች የተደረገ ጥናት እንዲህ ላሉት ሕመምተኞች የቆየው ዋርፋሪንና ቤተሰቡ ከሪቫሮክሳባን የተሻለ መሆኑን አረጋግጧል። በብረት የልብ በር ለተተካላቸውም አዳዲሶቹ አይሰጡም። እንግዲህ አንድ ነጋዴ በዱባይ ያገኘው ወዳጁ ምርመራ የማያስፈልገው ክኒን አለ ብሎ ቢመክረውና እርሱም ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በራሱ ፈቃድ ቢለውጥ፣ ለመዳን ያደረገው ነገር ለጥፋት ሊሆንበት ይችላል።

ስለ አይሮፕላኑ ብዙ ሰው የሚፈራው ከፍታውን ነው። በበረራ ጊዜ የመንገደኞች ክፍል የአየር ግፊት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ቦታ ከሚገኘው ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። ስለዚህ የመርካቶ ነጋዴ በአይሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሰው አየር በሱቁ ተቀምጦ ከሚተነፍሰው ብዙም የተለየ አይደለም። ከዚህም አልፎ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ በተረከበው ቦይንግ 787 ውስጥ ግፊቱ በ1,800 ሜትር ልክ የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ተሳፋሪው ወደ አዳማ የወረደ ያህል ነው። የድሬዳዋ ወይም የጅቡቲ ነዋሪ ግን ይህን ያህል ከፍታ የለመደ አይደለም፤ ከልብ ምት መዛባቱ ጋር የልብ ድካም ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ከሆነ በበረራ ላይ ኦክሲጂን ያስፈልገው እንደ ሆነ ሐኪሙን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። ምቱ ገና ያልተገታለት፣ በእረፍት ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ሰሞኑን ስትሮክ የመታው ሰው ደግሞ ትኬት ከመቍረጡ በፊት የሐኪሙን ፈቃድ መጠበቅ አለበት።

ከከፍታው ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የአየሩ ድርቀትና ረዥሙ መቀመጥ ነው። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። በየሰዓቱ ተነሥቶ ጥቂት መራመድና ውኃ መጠጣት በቂ ነው፤ መጸዳጃ ቤት መመላለስን በመፍራት ውኃ የሚተው መንገደኛ ግን ድርቀቱ ራሱ የልቡን ምት ሊያውክበት ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ፤ ይኸውም የሰዓት ነገር ነው። አፒክሳባን ወይም ዳቢጋትራን የሚወስድ ነጋዴ ክኒኑን በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየ12 ሰዓቱ ይወስዳል። የእነዚህ መድኃኒቶች ኀይል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚቀንስ አንድ ጊዜ እንኳ የታለፈ እንደ ሆነ ጥበቃው ይላላል። ዋርፋሪን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድና ኀይሉም ለቀናት የሚቆይ ስለ ሆነ የጥቂት ሰዓት መዛነፍ አይጎዳውም፤ ቀኑን ሙሉ መርሳት ግን ያው ጥፋት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓና ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚሄዱት አይሮፕላኖች አብዛኞቹ የሚነሡት ማታ ነው። መንገደኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚወስደውን ክኒን ዘመድ በሚሰናበትበት፣ ሻንጣ በሚመዘንበትና በቦሌ ሰልፍ በሚቆምበት ግርግር ውስጥ ይረሳዋል። ጠዋት ደግሞ ደመና ላይ ሆኖ ይነጋበታል፤ ሰዓቱም የየትኛው አገር እንደ ሆነ አያውቅም።

ለዚህ ጥሩው ዘዴ ቀላል ነው። መንገደኛው አንድ የእጅ ሰዓት በአዲስ አበባ ሰዓት እንደ ተሞላ ሳይነካው ይተወው፤ በመንገድ ሳለም መድኃኒቱን በዚያ ሰዓት ብቻ ይውሰድ። ወደ ዱባይ የሚሄድ ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ስለ ሆነ፣ ወደ ኢስታንቡልም ለሚሄድ ልዩነት ስለሌለ ከዚህ ሌላ ድካም የለባቸውም። ጓንዡ ግን አዲስ አበባን በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። በአገሩ ጠዋትና ማታ በ1 ሰዓት ይወስድ የነበረ ሰው በዚያ የሚደርሰው ቀን በ6 ሰዓትና ሌሊት በ6 ሰዓት ነው። ለሦስትና ለአራት ቀን ሥራ የሄደ ቢሆን እኩለ ሌሊት ድረስ ነቅቶ በዚሁ ቢቀጥል ይሻለዋል። ሁለትና ሦስት ሳምንት የሚቆይ ግን ሰዓቱን በየቀኑ በጥቂቱ እያሸጋሸገ ከአገሩ ሰዓት ጋር እንዲያስማማ ሐኪሙ ከመነሣቱ በፊት ሰንጠረዥ ሊጽፍለት ይገባል። የታለፈውን ለማካካስ ሲባል ሁለት ክኒን በአንድ ጊዜ መዋጥ ግን አይፈቀድም፤ ደም እንዳይቆም ያደርጋልና።

በዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ ብቻ የሚደርስ አንድ ወጥመድ አለ። ሐኪሙ በ2 ሰዓት ብሎ የጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ የውጭ አገር ሰዓት ያን ጊዜ 8 ብሎ ይቈጥራል። በሆቴል የተኛው ሕመምተኛ ወረቀቱን ለባዕድ አስታማሚ ቢያሳይ ክኒኑ ከቀትር በኋላ ወይም ሌሊት በ2 ሊሰጠው ነው። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱም አቈጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ።

እንዲሁ ያለ ስሕተት በቀኑም ላይ ይደርሳል። ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው ሰነዱ ያልተሟላ ዕቃ በጉምሩክ ይያዛል፤ መድኃኒትም ድንበር ሲሻገር ከዕቃ አይለይም። በ2017 ዓ.ም. የተጻፈ ማዘዣ የባዕድ አገር መርማሪ በ2025 ሲያየው ስምንት ዓመት ያለፈበት ይመስለዋል። የሐኪሙ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ ቀኑም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሊጻፍ ይገባል። በውስጡም የሕመሙ ስም፣ የመድኃኒቱ የንግድ ስም ሳይሆን የሳይንስ ስሙ፣ የክኒኑ ሚሊግራምና በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ይገለጥ፤ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። የሕመምተኛው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ስም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት። በኢንቮይስ ላይ አንድ ፊደል ስለ ተሳሳተ ባንክ ኤልሲ ሲመልስበት ያየ አስመጪ ይህን ምክር አይንቅም። ከደብዳቤው ጋር የቅርብ ጊዜ የኢ.ሲ.ጂ. ወረቀት ቅጂ ቢያዝ የውጭ አገር ሐኪም ከአዲሱ ጋር ለማነጻጸር ይረዳዋል።

መድኃኒቱ ከመጀመሪያ መያዣው ሳይወጣ በእጅ ሻንጣ ይያዝ፤ ብዛቱም ከጉዞው ቀኖች ቢያንስ አንድ ሳምንት የሚበልጥ ይሁን። ከባልደረባ ጋር የሚጓዝ ከሆነ ከፊሉን በባልደረባው ሻንጣ ማስቀመጥ መልካም ነው። በተለይ ዳቢጋትራን እርጥበት ስለሚያበላሸው ካፕሱሉን ከራሱ ዕቃ አውጥቶ በሌላ ብልቃጥ መያዝ አይገባም። በዱባይ በጋ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ መድኃኒትም ዳግመኛ አይታመንም። የልብ መድኃኒቶች በአብዛኛው የሚከለከሉ አይደሉም፤ ነገር ግን አንዳንድ መንገደኛ ከእነርሱ ጋር ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ ይይዛል። በተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች እነዚህ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ አይገቡም፤ የያዘውም ሰው በሕግ ይጠየቃል። ጫትም እንዲሁ ነው። ልብን የሚያስሮጥ በመሆኑ ለዚህ ሕመምተኛ በአገሩም ቢሆን የማይበጅ ሲሆን፣ በቻይናና በእንግሊዝ ከ2014 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው።

ነጋዴው ከደረሰ በኋላ የሚፈትነው ማዕድ ነው። በጓንዡ ከ1957 ጀምሮ የሚደረገው፣ በዓመት ሁለት ጊዜም የሚከፈተው የካንቶን ትርዒት ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ሰፊ ነው፤ ማታ ደግሞ ፋብሪካው ግብዣ ያደርጋል፤ ባይጁ የሚባለው ኀይለኛ አረቄም በጽዋ እየተሞላ በተደጋጋሚ ይቀርባል። ብዙ መጠጥ ጤነኛውን ልብ እንኳ ሥርዐት እንደሚያስለቅቅ የታወቀ ነው፤ በ1978 አሜሪካውያን ሐኪሞች የበዓል ልብ የሚል ስም ሰጥተውታል፣ ሕመምተኞቻቸው ከበዓል ማግሥት ይመጡ ነበርና። ጽዋውን በሻይ አንሥቶ ሐኪሜ ከልክሎኛል ማለት ግብዣውን አያሳፍርም፤ ውልም በዚህ ምክንያት አይፈርስም። ጋባዡ ለልብ መልካም ነው ብሎ የሚሰጠውን የአገሩን ባህላዊ መድኃኒትም በምስጋና ተቀብሎ አለመዋጥ ይሻላል፤ ዳንሼን የሚባለው ሥር የዋርፋሪንን ኀይል ጨምሮ ደም ማፍሰስን ያመጣልና። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት የራስ ምታትና የወገብ ማስታገሻዎችም ከደም ማቅጠኛ ጋር አይስማሙም።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው የአትክልቱንም ነገር ማሰብ አለበት። ጎመንና ቆስጣ የመሰሉት ቅጠሎች ቪታሚን ኬ ስለሚበዛባቸው የመድኃኒቱን ኀይል ይቀንሳሉ። በጾም ወራት ጎመን ሲያዘወትር በነበረበት ልክ መድኃኒቱ የተመደበለት ሰው ወደ ሐምቡርግ ሄዶ ሥጋና ድንች ብቻ ቢበላ አይ.ኤን.አር. ከልኩ ያልፋል። ቅጠሉን መተው አያስፈልግም፤ በአገር ቤት የሚበላውን ያህል መብላት ነው።

ስለ ኢንሹራንስ ለነጋዴ ብዙ ማስረዳት አያሻም። ዕቃውን በመርከብ ሲጭን ያለውን ጉድለት ደብቆ ዋስትና የገባ ሰው ጉዳት በደረሰ ጊዜ ባዶ እጁን እንደሚቀር ያውቃል። የጉዞ የጤና ዋስትናም በዚሁ ሕግ ይሄዳል፤ የልብ ሕመሙን ያልገለጠ ሰው ዐረቦኑ ቢረክስለትም በሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ ኩባንያው አልከፍልም ሊለው ይችላል። የሸንገን አገሮች ቪዛ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ዋስትና ነው፤ ነገር ግን ይህን ግዴታ የሚያሟላ ፖሊሲ ሁሉ ቀድሞ የታወቀን ሕመም ይሸፍናል ማለት አይደለም። ቃሉን በፖሊሲው ላይ አንብቦ፣ ግልጥ ካልሆነም በጽሑፍ አስመልሶ መሄድ ያስፈልጋል።

በደረታቸው ውስጥ ፔስሜከር የተቀበረላቸው ሰዎች በአይሮፕላን ጣቢያ የፍተሻ በር ይፈራሉ። በመደበኛ እርምጃ ማለፍ አይጎዳም፤ በሩ ላይ መቆም ግን አያስፈልግም፤ በእጅ የሚያዘው መፈተሻም በመሣሪያው ላይ እንዳይቆይ መታወቂያ ካርዱን አሳይቶ በእጅ እንዲፈተሹ መጠየቅ ይቻላል። በ1958 በስቶክሆልም ከተማ የመጀመሪያው የሚቀበር ፔስሜከር የተደረገለት አርነ ላርሶን መሣሪያውን ከሃያ ጊዜ በላይ እያስለወጠ እስከ 2001 ኖሯል።

ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ ወይም አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ቢታይ ነገ ይሻለዋል ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ለአምቡላንስ በቻይና 120፣ በኤምሬቶች 998፣ በቱርክና በአውሮፓ 112፣ በአሜሪካ 911 ይደወላል። ሐኪሙም አስቀድሞ የሚጠይቀው ደም ማቅጠኛ ይወስዳል ወይ፣ የመጨረሻውንስ መቼ ወሰደ የሚለውን ነው፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ ያልተገኘ እንደ ሆነ የሕክምናው ሰዓት በማጣራት ያልቃል። መናገር ያልቻለ ሰው ይህን ሊመልስ ስለማይችል ተጓዡ በኪሱ አንድ ካርድ ይያዝ፤ ክኒኑን በወሰደ ቍጥር ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ይመዝግብበት። ካርዱ ያለበትን ኪስም አብሮት የሚሄደው ባልደረባ ይወቅ።

ከጉዞ የተመለሰው ዋርፋሪን ተጠቃሚ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ አይ.ኤን.አር. ማስለካት አለበት፤ ምግቡ፣ እንቅልፉና ሰዓቱ ሲለዋወጥ ስለ ሰነበተ ልኩ ከነበረበት ተዛንፎ ሊገኝ ይችላል። በጓንዡ ሰዓቱን አሸጋሽጎ የነበረውም ወደ ቀድሞው የሚመለሰው እንደ ሄደበት በጥቂት በጥቂቱ ነው። በካርዱ ላይ የተመዘገበውም ለሐኪሙ ይሰጥ፤ የታለፈ ክኒን ካለ ከዚያ ላይ ይታያል።